መኪናችሁ ከኋላ ለምን ይጮኻል? የዲፈረንሻል ዘይት ነገር

አጎቴ ቡና የሚያመላልስበት አሮጌ ፎር ዊል ፒክአፕ አለው። ባለፈው ነሐሴ ጌራ ለቅሶ ደርሶ ጅማ ሲመለስ መኪናው ከኋላ መጮህ ጀመረ። ቀጭን፣ ጆሮ የሚበላ ድምፅ ነው። ነዳጅ ሲሰጠው ይነሳል፣ እግሩን ሲያነሳ ይጠፋል። መጀመሪያ የወሰደበት ጋራዥ «የጎማ ኩሽኔታ ነው» ብሎ የኋላዎቹን ሁለቱንም ቀየረለት። ኩሽኔታ የሚሽከረከርን ነገር ሳይፋቅ እንዲዞር የሚይዝ የብረት ቀለበት ነው። ብሩ ወጣ። ድምፁ ግን ንቅንቅ አላለም።

በሳምንቱ ሌላ መካኒክ ጋ አብሬው ሄድኩ። ጠና ያሉ ሰው ናቸው። ሞተር እንኳ አላስነሱም። መኪናው ስር ገቡ፣ አንድ ብሎን ፈቱ፣ ከዚያ ጠሩኝ።

«ና እስቲ ልጄ፣ ጣትህን አስገባ።»

አስገባሁ። ሳወጣው ጣቴ ላይ ያለው ነገር ዘይት አይመስልም። ቁርጥ ማኪያቶ።

«ጋሼ፣ ምንድነው ይሄ?»

«ውሃ ነዋ! ዘይቱ ውሃ ጠጥቷል። መቼ ነው ወንዝ የተሻገራችሁት?»

አጎቴ ዝም አለ። ወንዝ ቆጥሮ አያውቅም። እሱ የሚቆጥረው ኪሎሜትር ነው። አብዛኛው ባለ መኪናም እንደዚያው ነው። ጅማ ዙሪያ፣ በጌራ፣ በሊሙ፣ በዴዶ መንገድ ለሚሠራ መኪና ግን የዲፈረንሻል ዘይትን ቀድሞ የሚገድለው ውሃ ነው። ኪሎሜትር ኋላ ነው የሚደርሰው። ይህን የምጽፈው ሌላ ሰው እንደ አጎቴ ያልተበላሸ ኩሽኔታ እንዳይቀይር ነው።

ለመሆኑ ዲፈረንሻል የቱ ነው?

ከመኪናው ኋላ ተንበርከኩና ስር ስሩን እዩ። ሁለቱን የኋላ ጎማዎች የሚያገናኝ ወፍራም የብረት ቱቦ አለ። ቱቦው መሃሉ አካባቢ ድስት የዋጠ ይመስል ያበጠ ነው። እሱ ነው ዲፈረንሻሉ። ከካምቢዮ በኩል የሚመጣው ረጅም የሚሽከረከር ዘንግ እዚያ ውስጥ ይገባል።

የመጀመሪያ ሥራው ጉልበትን ማዞር ነው። በዘንጉ ጫፍ ፒኞን የምትባል ትንሽ ባለ ጥርስ ብረት አለች። እሷ ኮሮና የሚባለውን ትልቅ ባለ ጥርስ ቀለበት ትነዳለች። በብዙ ፒክአፖች ፒኞኗ አራት ጊዜ ያህል ስትዞር ኮሮናው አንድ ጊዜ ይዞራል። ፍጥነት ይቀንሳል፣ ጉልበት ይጨምራል። ቡና የጫነ መኪና ዳገት የሚወጣው በዚህ ነው።

ሁለተኛውን ሥራ አውድማ ላይ በሬ ሲያበራይ ያየ ሰው ወዲያው ይረዳዋል። በሬዎቹ ጎን ለጎን ታስረው ሲዞሩ፣ መሃል ላይ ያለው እዚያው የቆመ ያህል ነው። ዳር ያለው ግን ይሮጣል። መኪና ሲታጠፍም እንዲሁ ነው። የውስጡ ጎማ አጭር መንገድ ይሄዳል፣ የውጩ ረጅም። ሁለቱን በአንድ ድርቅ ያለ ብረት ብታስሯቸው አንዱ አስፋልቱን እየፋቀ መንሸራተቱ አይቀርም። በኮሮናው መሃል ያሉት ትናንሽ ጥርሶች እያንዳንዱ ጎማ በራሱ ልክ እንዲዞር ያደርጋሉ። ስሙም የመጣው ከዚሁ ከመለያየቱ ነው።

ይህ ሁሉ የሚካሄደው ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሊትር በምትሆን ዘይት ውስጥ ነው። ፓምፕ የለውም። ማጣሪያ የለውም። የሞተር ዘይት ሲያንስ ዳሽቦርድ ላይ መብራት ይበራል። ለዚህኛው የሚበራ መብራት የለም። ኮሮናው ራሱ ሲዞር ዘይቱን እየቀዳ ይረጨዋል፣ በቃ። ዘይቱ ጎደለም ተበላሸም የሚነግራችሁ ጆሯችሁ ነው። ጆሮ ደግሞ ዘግይቶ ነው የሚሰማው።

ለምን የሞተር ዘይት አይሆንም?

ቡና በሙቀጫ መውቀጥና እህል በድንጋይ ወፍጮ መፍጨት ይለያያሉ። ዘነዘናው ይወርዳል፣ ይመታል፣ ይነሳል። ወፍጮ ላይ ግን መጁ ከታችኛው ድንጋይ ጋር እየተጫነ ይንሸራተታል። ሁለት ነገር በአንድ ላይ ነው፤ መጫንና መፋቅ።

የዲፈረንሻል ጥርስ ወፍጮውን ነው የሚመስለው። ፒኞኗ የኮሮናውን መሃል ይዛ አትገባም፤ ዝቅ ብላ ነው የተቀመጠችው። ፓካርድ የተባለው የአሜሪካ መኪና አምራች ይህን አሠራር በመኪናዎቹ ላይ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1926 ነው። ዘንጉ ዝቅ ስለሚል የመኪናው ወለልም ዝቅ ይላል፣ ጥርሱም ይጠነክራል፣ ድምፁም ይቀንሳል። በምትኩ ጥርሶቹ በከባድ ጫና እርስ በርስ ይንሸራተታሉ። ተራ ዘይት እዚህ መሃል ገብቶ አይቆምም። ተጨምቆ ይወጣና ብረት ከብረት ይገናኛል።

ስለዚህ የዲፈረንሻል ዘይት ውስጥ የድኝና የፎስፈረስ ውህድ ይጨመራል። ጫናውና ሙቀቱ ሲበረታ ውህዱ ከብረቱ ገጽ ጋር ተጣብቆ ስስ ሽፋን ይሠራል። በጥርሶቹ ፋንታ የሚፋቀው ያ ሽፋን ነው። ዘይቱን ስትከፍቱት የሚሸታችሁ ያ ከባድ የተበላሸ እንቁላል የመሰለ ሽታም ከድኙ የመጣ ነው። የሞተር ዘይት ውስጥ ይህ ውህድ በዚህ መጠን የለም። «ዘይት ያው ዘይት ነው» የሚለው አባባል ብዙ ኮሮና በልቷል።

ጋሎኑ ላይ ያለው ቁጥር ምን ማለት ነው?

ሁለት ነገር ፈልጉ። አንዱ «ጂ ኤል» የሚል ነው። ጂ ኤል 5 ማለት አሁን የነገርኳችሁን ጫና የሚችል የዲፈረንሻል ዘይት ነው። ጂ ኤል 4 ቀለል ያለ ሲሆን ለብዙ የእጅ ካምቢዮዎች ነው። ተቃራኒውም ስህተት ነው። ጂ ኤል 5ን «ይጠነክራል» ብሎ ጂ ኤል 4 የሚፈልግ ካምቢዮ ውስጥ መጨመር፣ ማርሽ ስትቀይሩ የሚያለሳልሱትን የነሐስ ቀለበቶች ሊጎዳ ይችላል። ዲፈረንሻል ሌላ፣ ካምቢዮ ሌላ።

ሁለተኛው ውፍረቱ ነው። 80 ደብልዩ 90 ወይም 85 ደብልዩ 90 የሚለውን በየሱቁ ታገኛላችሁ። እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ሞተር ውስጥ 40 የሚባል ዘይት እናደርጋለን፤ ዲፈረንሻሉ 90 ነው፤ ስለዚህ እጥፍ የወፈረ ይመስለናል። አይደለም። የሞተርና የማርሽ ዘይት የሚለኩት በተለያየ ሚዛን ነው። የማርሹ 90 ሲሞቅ ውፍረቱ ከሞተሩ 40 እና 50 ጋር ተቀራራቢ ነው። ደብልዩ ያለበት ቁጥር የብርድ ጊዜውን ያሳያል። ለጅማ አየር እሱ ብዙም አያስጨንቅም። ለብዙ የቶዮታ ፎር ዊሎች የአምራቹ መጽሐፍ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ እስካልወረደ ድረስ 90 ይበቃል ይላል። የእናንተን መኪና ግን ከመጽሐፉ አረጋግጡ።

አንድ ጥንቃቄ አለ። አንዳንድ መኪኖች አንዱ ጎማ በከንቱ እንዳይሽከረከር የሚይዝ፣ በውስጡ የሚፋተጉ ሳህኖች ያሉት ዲፈረንሻል አላቸው። ኤል ኤስ ዲ ይሉታል። ለእሱ የተሠራ ዘይት አለ። ተራውን ካደረጋችሁበት ስትታጠፉ ይንቀጠቀጣል፣ ያጉረመርማል። ብዙ ጊዜ ማስገቢያው ብሎን አካባቢ ይህን የሚናገር ምልክት አለ። ጭቃውን ጥረጉና አንብቡ።

ውሃ ከየት ገባ?

የተዘጋ የብረት ድስት ውስጥ ውሃ እንዴት ይገባል? እኔም መጀመሪያ የጠየቅኩት ይህንኑ ነው።

በጅማ መንገድ የተመላለሰ ሰው ይህን ያውቀዋል። አዲስ አበባ ላይ ጥብቅ አድርጋችሁ የዘጋችሁት ባዶ ሃይላንድ ጊቤ በረሃ ስትወርዱ ጭምድድ ይላል። ማንም አልነካውም። የውጩ አየር ከውስጡ ስለበረታ ነው። ክዳኑ ትንሽ ላላ ቢልና ሃይላንዱን ውሃ ውስጥ ነክራችሁት ቢሆን ኖሮ፣ በመጨማደድ ፋንታ ውሃውን ይስበው ነበር።

ዲፈረንሻል ላይ የሚሆነውም ይህ ነው፤ እዚህ ግን ልዩነቱን የሚያመጣው ሙቀት ነው። ሁለት ሰዓት የተነዳ መኪና ዲፈረንሻሉ ይግላል። ውስጡ ያለው አየርም ይግላል፣ ይሰፋል። ከዚያ መኪናው ቀዝቃዛ ወንዝ ውስጥ ይገባል። ብረቱ በአንድ ጊዜ ይበርዳል። የውስጡ አየር ይኮማተራል። ድስቱ ይስባል። ክፍተት ባገኘበት በኩል የሚገባው ነገር ደግሞ ውሃ ነው።

መኪና ሠሪዎች ይህን ስለሚያውቁ ከላይ መተንፈሻ ያደርጉለታል። አውራ ጣት የምታክል ክዳን ናት፣ ወይም ትንሽ የላስቲክ ቱቦ። ሲሞቅ አየሩ በዚያ ይወጣል። በአንዳንዱ መኪና ክዳኗ ወደ ውጭ ብቻ ታስተነፍሳለች፣ ወደ ውስጥ አታስገባም። በእኛ ቀይ ጭቃ ደግሞ መተንፈሻዋ ብዙ ጊዜ ድፍን ትላለች። ያን ጊዜ ጉዳቱ በሁለት በኩል ነው። ዲፈረንሻሉ ሲግል አየሩ መውጫ ስለሚያጣ ዘይቱን በዘይት መያዣ ጎማዎቹ፣ ማለትም ዘንጎቹ በሚያልፉበት ዙሪያ ባሉት የላስቲክ ቀለበቶች በኩል ገፍቶ ያወጣዋል። ሲበርድ ደግሞ በዚያው በኩል ውሃ ይስባል። የዘይት መያዣውን ጎማ ሦስት ጊዜ አስቀይረው ዘይት መፍሰሱ ያልቆመላቸው ሰዎች አሉ። መተንፈሻዋን ያየላቸው አልነበረም።

ወንዙ ምን ያህል ቢጠልቅ ነው የሚያሰጋው? ቀላል መለኪያ አለ። ውሃው የጎማውን መሃል፣ ብሎኖቹ ያሉበትን ቦታ ከነካ፣ ዲፈረንሻሉ ውሃ ውስጥ ነው። ለዚህ ትልቅ ወንዝ አያስፈልግም። በሐምሌ የሞላ ጅረት ይበቃል።

ሁለት ነገር ይረዳል። አንደኛው ወንዝ ዳር ስትደርሱ ቆም ማለት ነው። የውሃውን ጥልቀት ለማየት መቆማችሁ አይቀርም፤ ትንሽ አስረዝሙትና ብረቱ ይብረድ። ሁለተኛው መተንፈሻዋን በረጅም የላስቲክ ቱቦ ከፍ ማድረግ ነው። በአጎቴ መኪና ላይ ሽማግሌው መካኒክ ቱቦውን ከኋላው መብራት ጀርባ ድረስ አወጡትና አፉን ወደ ታች አጠፉት። ሥራው ግማሽ ሰዓት አልፈጀም።

እንዴት ነው የሚታየው?

ማንም ሰው ሊያየው ይችላል። ፎር ዊል መኪና ከፍ ስለሚል በክሪክ ማንሳት እንኳ አያስፈልግም። ባታነሱት ይሻላል፤ ምክንያቱም ልኩ የሚታየው መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ሲቆም ነው። የእጅ ፍሬኑን ያዙ፣ ጎማዎቹ ስር ከፊትም ከኋላም ታኮ ወይም ድንጋይ አድርጉ። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ስር ግን መቼም እንዳትገቡ።

ድስቱ ላይ ሁለት ብሎኖች አሉ። ከታች ያለው ማፍሰሻ ነው፣ ከፍ ብሎ በጎን ያለው ማስገቢያ። በብዙ ሃይሉክስ ላይ 24 ቁጥር ቁልፍ ይፈታቸዋል። በሌሎች ላይ ባለ ስድስት ማዕዘን ጉድጓድ ያለው ብሎን ታገኛላችሁ። ዙሪያውን በብሩሽ ጥረጉ። አንዲት ቅንጣት አሸዋ እንኳ ወደ ውስጥ እንዳትገባ።

አሁን የምነግራችሁን እባካችሁ አትርሱ። መጀመሪያ የሚፈታው የላይኛው ነው። ሁልጊዜ። የታችኛውን ፈትታችሁ ዘይቱን ካፈሰሳችሁ በኋላ የላይኛው ዝጎ እምቢ ቢላችሁስ? መኪናው ባዶ ዲፈረንሻል ይዞ እዚያው ይቀራል። ላይኛው ከተፈታ ግን የቀረው ቀላል ነው።

ላይኛው ሲከፈት ትንሿን ጣታችሁን አስገቡና ወደ ታች እጠፏት። ዘይቱ የቀዳዳውን የታች ጠርዝ መንካት አለበት፣ ቢያንስ ደግሞ ከ5 ሚሊሜትር በላይ ዝቅ ማለት የለበትም። ጣታችሁ ዘይቱን ካላገኘ ጎድሏል። ከፍታችሁት ብዙ ዘይት ከፈሰሰ ደግሞ ወይ ከልክ በላይ ተሞልቷል፣ ወይ ውሃ ተጨምሮበታል። «ቢበዛ ምን ይጎዳል?» ለሚል ሰው፣ ከልክ ያለፈ ዘይት ሲናጥ አረፋ ይሆናል። አረፋ ብረት አያለሰልስም።

የምትቀይሩት ከሆነ ትንሽ ነድታችሁ ሞቅ ሲል አፍስሱት፤ ቆሻሻውን ይዞ ይወርዳል። ማፍሰሻውን በአዲስ ቀለበት ዝጉ። አዲሱን ዘይት ለማስገባት ጋሎኑ እዚያ ስር አይገለበጥም። የእጅ ፓምፕ ከሌላችሁ፣ ሃይላንድ ቂጡን ቆርጣችሁ አፉ ላይ ንጹህ የላስቲክ ቱቦ አጥብቁ። አንድ ሰው ከላይ በጎማው በኩል ይዞ ያፍስስ፣ ሌላው ከስር ቱቦውን ይያዝ። ማስገቢያው ላይ መንጠባጠብ ሲጀምር ሞልቷል። መንጠባጠቡ እስኪቆም ጠብቁና ዝጉ።

ጣታችሁ ላይ ያለው ምን ይላል?

ጤነኛ ዘይት ሲሞቅ እንደ ማር ይሳባል። ቀለሙ ቢጠቁር ብዙም አትደንግጡ፤ ሠርቷል ማለት ነው። ዋናው ሁለት ጣት መሃል ስታሹት የሚሰማችሁ ነው። ልስልስ ካለ ጥሩ። ሻካራ ከሆነ ብረት አለበት።

በብዙ መኪኖች ማፍሰሻው ብሎን ጫፍ ላይ ማግኔት አለ። እዚያ ላይ የተጣበቀ ግራጫ፣ እንደ ኩል የላመ ነገር ብታገኙ የተለመደ ነው። ብረት ከብረት ሲሠራ ይህን ያህል ይላጋል። ጠርገው ይመልሱታል። ጥፍር የሚያክል ስባሪ፣ ወይም እንደ መርፌ የረዘመ ስንጣሪ ከተገኘ ግን ጥርስ ወይም ኩሽኔታ እየፈረሰ ነው። ያን ጊዜ አዲስ ዘይት ሞልቶ መሄድ ገንዘብ ማባከን ነው። ይከፈት።

ማኪያቶ የመሰለ ከሆነ ውሃ ነው።

ውሃ ከተገኘስ?

ዛሬውኑ አፍስሱት። ነገ አትበሉ። ውሃ የዘይቱን ሽፋን ይቀድደዋል፤ መኪናው ሲቆም ደግሞ ከታች ይዘቅጥና ኩሽኔታውን ማዛግ ይጀምራል። የኩሽኔታ ገጽ እንደ መስታወት የለሰለሰ ነው። አንዲት የዝገት ነጥብ ካረፈችበት መጮህ ይጀምራል። አጎቴ መኪናውን ያን ሁሉ ሳምንት እንዲያ ነው የነዳው።

አንድ ጊዜ አፍስሶ መሙላት ብዙውን ጊዜ አይበቃም። በቱቦዎቹ ውስጥ የቀረ ውሃ አለ። ርካሽም ቢሆን ትክክለኛውን የጂ ኤል 5 ዘይት ሙሉ፣ ጥቂት ኪሎሜትር ቀስ ብላችሁ ንዱ፣ እንደገና አፍስሱና እዩ። አሁንም ነጣ ካለ ድገሙት። የእኛ በሦስተኛው ነው የጠራው። በነጭ ጋዝ ወይም በናፍጣ ማጠብ የሚወዱ አሉ። እኔ አልመክርም። ጥግ ጥግ የቀረው ጋዝ አዲሱን ዘይት ያቀጥነዋል፣ ኩሽኔታውንም ያደርቀዋል።

የኋላው ከጠጣ ሌሎቹም እንዳልጠጡ እርግጠኛ ሁኑ። የፊቱ ዲፈረንሻል፣ ካምቢዮው፣ ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለው ትራንስፈር፣ ሁሉም የየራሳቸው ዘይትና መተንፈሻ አላቸው። የጎማ ኩሽኔታዎችም ግራሶ ውስጥ ውሃ ሊገባ ይችላል።

መቼ መቼ ይቀየር?

ብዙ አምራቾች ለቀላል አገልግሎት 40,000 ኪሎሜትር አካባቢ ይላሉ፤ ለከባድ አገልግሎት ግማሹን። ከባድ የሚሉት ጭነት፣ ጭቃ፣ አቧራና ውሃ ነው። ይህ የእኛ የዘወትር መንገድ ነው። ስለዚህ 20,000ውን ያዙ።

ከዚያ ግን በላዩ ወቅቱን ጨምሩበት። የእኔ ሐሳብ ይህ ነው፦ ክረምቱ ወጥቶ ወንዙ ሲጎድል፣ የቡናው ጭነት ከመጀመሩ በፊት፣ በመስከረም መጨረሻ ወይም በጥቅምት መጀመሪያ አንድ ጊዜ ክፈቱት። ክረምቱ ያስገባው ውሃ ካለ፣ ከባዱ ሥራ ሳይመጣ ታገኙታላችሁ። በክረምት ደግሞ የጎማ መሃል የነካ ወንዝ በተሻገራችሁ ቁጥር፣ በማግስቱ ጣት ማስገባት ነው። አጎቴ አሁን የላይኛውን ብሎን ቁልፍ ከሊብሬው ጋር ነው የሚያስቀምጠው።

ዘይት የሚንጠባጠበው ከየት ነው?

መጀመሪያ አሽቱት። ያ ከባድ የድኝ ሽታ ካለው የዲፈረንሻል ነው። ከዚያ የወጣበትን ቦታ ፈልጉ። ከድስቱ ፊት፣ ዘንጉ በሚገባበት በኩል ከረጠበ የፒኞኗ ዘይት መያዣ ነው። ይህን ሲቀይሩ የፒኞኗ ትልቅ ዳዶ ይፈታል። መልሶ ሲጠብቅ ልክ አለው። ከልኩ ካለፈ ኩሽኔታውን አጣብቆ ያግላል፤ ከላላ ፒኞኗ ትጫወታለች። መካኒኩ ከመፍታቱ በፊት ምልክት ካላደረገ ወይም ሳይለካ በጉልበት ብቻ ካጠበቀ ጠይቁት።

በጎማ ውስጠኛ በኩል ከረጠበ ግን አትዘግዩ። ዘይቱ ታምቡሩ ውስጥ ገብቶ የፍሬን ሸራውን ያርሰዋል። የአንድ በኩል ፍሬን ይጠፋል፣ ዘይት የጠጣ ሸራም ታጥቦ አይመለስም፣ ይቀየራል። ከአጋሮ ቁልቁል ጭነት ይዛችሁ ስትወርዱ እንዲህ ያለ ፍሬን እንዲገጥማችሁ አትፈልጉም።

በሁለቱም ጊዜ፣ የዘይት መያዣውን ከማስቀየራችሁ በፊት መተንፈሻዋን እዩ።

ድምፁ የምን እንደሆነ እንዴት ይታወቃል?

ሜዳ የሆነ አስፋልት ምረጡ፣ መስኮት ክፈቱ፣ ሬዲዮ ዝጉ። በሰዓት 60 ኪሎሜትር ያህል ንዱና አዳምጡ።

ነዳጅ ስትሰጡ የሚጮህ፣ ስትለቁ የሚጠፋ ወይም ቃናው የሚለወጥ ከሆነ ፒኞንና ኮሮና አካባቢ ነው። የአጎቴ እንዲህ ነበር። የመጀመሪያው ጋራዥ ይህን አንድ ጥያቄ ቢጠይቅ ኖሮ የጎማ ኩሽኔታ አይቀይርም ነበር።

ነዳጅ ሰጣችሁ ለቀቃችሁ ግድ የማይሰጠው፣ ከፍጥነት ጋር ብቻ የሚጨምር ጉርምርምታ የጎማ ኩሽኔታ ይመስላል። መንገዱ ነጻ ሲሆን መሪውን በቀስታ ወደ ግራና ወደ ቀኝ አድርጉ። ጭነቱ ወደ አንዱ ጎን ሲያዘነብል ድምፁ ከበረታ ያ ጎን ነው። ጭቃ የሚይዝ ባለ ትልልቅ ጥርስ ጎማ ግን አስፋልት ላይ ራሱ ያጉረመርማል። ከእሱ ጋር እንዳታምታቱት።

ስትነሱ ወይም ከፊት ወደ ኋላ ማርሽ ስትቀይሩ «ቋ!» የሚል አንድ ምት ካለ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ክሮቼራው ነው። ዘንጉ ጫፎች ላይ ያለው መስቀል የመሰለ መገጣጠሚያ ነው። ግራሶ ከተረሳ ይበላል። ዘንጉን በእጅ ይዛችሁ ወዝውዙት፤ ሲንቀሳቀስ ከተሰማችሁ አግኝታችሁታል። ከፍጥነት ጋር ወለሉን የሚያንቀጠቅጥ ነገርም ብዙ ጊዜ ከዚያው ነው።

ስትታጠፉ ብቻ የሚንቋቋ ከሆነ በኮሮናው መሃል ያሉት ትናንሽ ጥርሶች ናቸው። ወይም፣ ይህ በጣም የተለመደ ነው፣ ፎር ዊሉ አልወጣም። የፊቱና የኋላው በሚቆለፍበት መኪና ላይ ከጭቃ ወጥታችሁ አስፋልት ስትይዙ ፎር ዊሉን አውጡ። ደረቅ መንገድ ላይ ጎማዎቹ መንሸራተት ስለማይችሉ ትግሉ ሁሉ ወደ ማርሾቹ ይገባል።

አሮጌ መኪና ለሚገዛ አንድ ነገር ልጨምር። የሚጮህ ዲፈረንሻል ውስጥ ወፍራም ዘይት ወይም ሰጋቱራ ጨምሮ ድምፁን ለጥቂት ቀን ማፈን በዓለም ሁሉ የታወቀ የቆየ ማታለያ ነው። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት የላይኛውን ብሎን አስፈቱ። ጣት አስገቡ። ሻጩ እምቢ ካለ መልሱን አግኝታችኋል።

የአጎቴ መኪና መጨረሻ

ተከፈተ። ኮሮናው ደህና ነበር። የፒኞኗ ኩሽኔታዎች ላይ ግን እንደ ጤፍ የደቀቁ የዝገት ነጥቦች ነበሩ። ኩሽኔታዎቹ ተቀየሩ፣ የጥርሶቹ ክፍተት ተለክቶ ተስተካከለ፣ ሁለት ቀን ፈጀ። ከጥርሶቹ አንዱ ቢሰበር ኖሮ ኮሮናና ፒኞን አብረው ይቀየሩ ነበር፤ ጥንድ ሆነው ነው የሚሠሩት፣ ለየብቻ አይገጠሙም።

የወጣውን ዘይት ሽማግሌው ጀሪካን ውስጥ አስጨመሩን። ጋራዡ በር ላይ ያለው ቦይ ወደ አዌቱ ወንዝ ነው የሚወርደው። የጋራዡ ረዳት ልጅ ወደዚያ ሊደፋው ሲል ጠሩት።

«ተው ልጄ፣ ከታች በዚያ ውሃ የሚያጥብ ሰው አለ።»

ልጁ ጀሪካኑን ከድኖ ከሌሎቹ አጠገብ፣ ግድግዳው ጥግ አስቀመጠው።